የግራው እጅ

ሰኔ ሲገባማ በፑንታ አሬናስ
ሰው አንስቶ ይጥላል የባሕሩ ነፋስ፤
የከተማው ሰዎች ገመድ ይወጥራሉ፣
አዛውንት ያን ይዘው ይሻገራሉ።
እኔ ግን አልወጣም፤ ምድጃዬ ነደደ፣
ጣቴም ኪሮሽ ይዞ ወደ ዘመድ ሄደ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሱፍ መጋዘን ውስጥ
ሻካራ ከለስላሳ በጣቴ ስመርጥ፣
ዓይኔ ቢደክም እንኳ እጄ አይሳሳትም፤
የቤተሰቤን ልክ በሜትር አልያዝኩትም።

ለወንድሜ ለሮሳሜል ኮፍያ፣ በቀይ፤ ለጆሮው ሰፋ አድርጌ፤
በልጅነቱ «ሸራ» እንለው ነበር፣ ያለ ሞተር ጀልባ የሚነዳ።
ለልጄ ባል ለባልዶሜሮ ካልሲ፣ ተረከዙ ድርብ፤
ያ ሰው ሲራመድ መሬቱን ይቀጣዋል።
ለማይቴ፣ ለአራት ዓመቷ፣ ያዘዘችኝን ጥንቸል፤
ቀንድ የመሰለ ጆሮ ወጣለት፣ «በግ ነው» አለች፣
«ይሁን፣ በግ ይሁን» አልኳት፤
በእኛ አገር እንደሆነ ከሰው በግ ይበዛል።

ኖልፋ ላይ ስደርስ ኪሮሹ ቆመ።

እህቴ ማዶ ናት፣ በጀልባ ሁለት ሰዓት፤
ዘጠኝ ዓመት ሞላን ውኃዋን ሳንሻገራት።

ጠባችን?
እናታችን ከቺሎዌ ደሴት ይዛው የመጣችው ሰማያዊ ብርድ ልብስ።
«ለእኔ ነው ያለችው» አለች፤ «ለእኔ ነው» አልኩ፤
ሬሳው ከቤት ሳይወጣ።
እሷ ቂም ቋጠረች። እኔም ቋጠርኩ፤
መቋጠር ደግሞ ሙያዬ ነው።
ብርድ ልብሱን ወሰድኩ፣ አንድ ሌሊት እንኳ አልለበስኩትም፣
ዘጠኝ ክረምት ሣጥን ውስጥ ብል ለበሰው።

ትናንት አይደለም፣ ከትናንት ወዲያ ማታ፣ አወጣሁት።
የክሩን ጫፍ ፈለግሁ፤ እናቴ ጫፍ አትደብቅም፣ ቶሎ ተገኘ።
ሳብኩት።
ረድፍ ከረድፍ ሲወርድ
የእናቴ እጅ ወደ ኋላ ሲሠራ አየሁ፤
እዚህ ጥብቅ ያለው አባታችን ከባሕር ያልተመለሰበት ሌሊት፣
እዚህ የላላው ኖልፋ የተወለደች ሰሞን፣
እዚህ ጋ አንዲት ቀለበት ተዘላለች፤
ማን ጠርቷት ይሆን? እኔ እሆን?

ሲነጋ ብል የበላውን ለይቼ ጣልኩ፣
የቀረው ልቃቂት ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበር።
ጓንት ጀመርኩላት፤
ለካ ልኳን አላውቅም!
ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እጇ የልቅሶ እጅ ነው፣
የልቅሶ እጅ ደግሞ እንደ ጨበጠ ይቀራል፣ መጠኑ አይታወቅ።
የራሴን እጅ ዘርግቼ አየሁ፤
የአንድ እናት ልጆች ነን፤ በእሱ ለካሁ።
የግራው አውራ ጣት ላይ ሰማያዊው አለቀ፣
ከሮሳሜል ኮፍያ በተረፈው ቀይ ጨረስኩት።

በቡናማ ወረቀት ጠቀለልኩት፣ አስሬ፣
ደብዳቤ ሳልጨምር፣ ቃል እንኳ ሳልናገር፣ አፍሬ፣
ለጀልባው ትኬት ቆራጭ ሰጠሁት።
ሦስት ቀን ማዕበል ሆነ፣ ጀልባው ዋለ ታስሮ፣
እኔም እንደሱው ነኝ፣ ሆዴ ተቋጥሮ።

በሰባተኛው ቀን በሬ ተቆረቆረ፣
ትኬት ቆራጩ ነው፤ ኪሱን በረበረ፣
የዚያኑ ወረቀት ቁራጭ አውጥቶ ሰጠኝ፣
«ሻይ ጠጣ» ብለውም ለነፋሱ ተወኝ።

ምስጋና የለበትም። ስምም። ሰላምታም።
ያቺ የማውቃት ወደ ግራ የምትወድቅ ጽሕፈት ብቻ፦

«የግራው እጅ ይጠብቃል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤
አንዴ አላልቼ፣
አንዴ አጥብቄ።

ከዚያ ኪሮሼንና የተረፈችውን ቀይ ክር ኪሴ ከተትኩ፤
ጓንት ያለ እጅ አይሰፋም።
ውጭ ገመዱ እንደ ተወጠረ ነው፤
እሱን ይዤ ወደ ወደቡ ወረድኩ።